ስቴሽን ዋገን ከኋላው ይገመታል

የአንባቢያን ጥያቄ እና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጆች ሳለን አባቴ ጣሪያው እስከ ኋላ ድረስ የሚዘልቅ መርሴዲስ ስቴሽን ዋገን ነበረው። አምስታችንንም ከነሻንጣችን ይውጠን ነበር። ከተሸጠ 20 ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን ያንኑ ዓይነት አገኘሁና ልቤ ተሰቅሏል፦ 300ቲዲ፣ እ.ኤ.አ. የ1982 ምርት፣ ናፍጣ። ሻጩ ሦስተኛ ባለቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሙሉ ቀለም ተቀብቷል። ኪሎሜትሩ 214 ሺህ ይላል፤ «መሃል ላይ ግን ቆጣሪው ቆሞ ነበር» ብሎ ራሱ ነግሮኛል። ጠዋት ሄጄ ሳየው ኋላው ዝቅ ብሎ ቆሟል፤ ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ሲቆይ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። የተጠየቅሁት ዋጋ ከዚያው ሞዴል ሴዳን (የሻንጣ ክፍሉ ለብቻው ከሆነው) በግማሽ ይበልጣል። «ክላሲክ ነው፤ በየዓመቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» ይላል ሰውየው። እውነተኛ ዋጋው ስንት ነው?
የአባቷን መኪና የምትፈልግ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ስለ መኪናው፣ ቀጥሎ ስለ አባትሽ ብዬ። ሁለቱንም እመልስልሻለሁ፤ ግን ለየብቻቸው። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ሰው ከሚገባው በላይ ከፍሎ በኋላ የሚያዝነው።

መኪናውን ሳላየው ቁጥር ብጠራልሽ መዋሸት ይሆንብኛል። ቁጥሩ የሚወጣበትን መንገድ ግን ልስጥሽ። ሠላሳ ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ ጉልበቴ ሲደክም ለገዢም ለሻጭም የአሮጌ መኪና ግምት ወደ መሥራት የገባሁ ሰው ነኝ። የምነግርሽ በየቀኑ የምሠራበትን ነው።

በመጀመሪያ ለሻጩ ልከራከርለት። ስቴሽኑን ከሴዳኑ ማስበለጡ ልክ ነው። ደብልዩ123 የሚባለው ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ድረስ 2.7 ሚሊዮን ያህል ተመርቷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስቴሽን ዋገኑ 200 ሺህ እንኳ አልሞላም፤ ብሬመን በሚገኘው ፋብሪካ ከ1978 ጀምሮ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ሴዳኑ ሰው ሲያመላልስ፣ ስቴሽኑ ሲሚንቶ፣ ውሻ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ዕቃ፣ የቤት ዕቃ ሲጭን ኖሯል። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ድካሙ ብዙ ነው። ስለዚህ ደህና ሆኖ የተረፈው ውድ ነው፤ መወደዱም ይገባል።

ነገር ግን ያ ጭማሪ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ገዢው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፊት መብራቱ በፊትና በኋላ በሮቹ መካከል እስካለው የመሃል ምሰሶ ድረስ ስቴሽኑና ሴዳኑ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የፊት እግሩ፣ የፊት በሮቹ፣ ዳሽቦርዱ ተመሳሳይ ነው። ለእነዚህ ዕቃ የሚፈልግ ሰው 2.7 ሚሊዮን መኪና ከኋላው አለለት። ከመሃል ምሰሶው ወዲያ ያለው ግን ሌላ መኪና ነው። ረጅሙ ጣሪያ፣ የጎኑ ትልልቅ መስታወቶች፣ የኋላው በር፣ የጭነቱ ክፍል ልባስ፣ ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክለው የኋላ እግር፣ እነዚህ የስቴሽኑ ብቻ ናቸው። ከሴዳኑ በላይ የተጠየቅሽው ግማሽ ዋጋ የሚከፈለው ለእነዚህ ነው። እነዚህ ከበሰበሱ ጭማሪው የለም፤ የቀረሽ ረጅም ጣሪያ ያለው የደከመ ሴዳን ነው። ብዙ ገዢ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ሲያዳምጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የኋላውን በር ግን ከፍቶ ይዘጋና «ሰፊ ነው» ብሎ ያልፋል። አንቺ ከኋላ ጀምሪ።

ትንሽ ማግኔት ያዢ፤ ከማቀዝቀዣ በር ላይ የምትነቀል ብትሆንም ትበቃለች። ቀለሙን እንዳይጭርብሽ በስስ ጨርቅ ጠቅልያት። ከኋላው ጎማ በላይ ባለው ቅስት ላይ አስቀምጫትና ቀስ እያልሽ ዙሪያውን ሳቢያት። ላሜራ ባለበት ጨብጣ ትይዛለች፤ እጅሽ ይከብደዋል። ስቱኮ (ቀዳዳና ጎድጓዳ የሚደፈንበት መሙያ) ባለበት ትላላለች፣ ትንሸራተታለች፣ ውፍረቱ ሲብስ ጭራሽ ትወድቃለች። ከዚያ በጣትሽ መገጣጠሚያ አንኳኪ። ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፤ ስቱኮ እንደ ደረቅ ሊጥ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጥሻል። ከሦስት ዓመት በፊት ሙሉ ቀለም የተቀባ መኪና ስለሆነ ይህን ሳታደርጊ ስለ ዋጋ አፍሽን አትክፈቺ። ቀለም መቀባቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ከቀለሙ በፊት የተነሳ ፎቶ ካለው ግን አሳየኝ በይው። ላሜራ አስቆርጦ በወጉ ያስበየደ ባለቤት ያንን ፎቶ አይጥለውም፤ ሲያሳይሽም ደስ እያለው ነው።

ይህን የምልሽ በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ግምት መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው ስቴሽን ዋገን ሊገዛ እንድገምትለት ይዞኝ ሄደ። ቀለሙ እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። ቦዲው ተነካክቷል ብዬ ሳልጠረጥር፣ ሞተሩን ሰምቼ፣ መንገድ ላይ ነድቼ ጥሩ ዋጋ ሰጠሁት። ገዛው። ከአራት ወር በኋላ ደውሎ ጠራኝ። የጭነቱን ክፍል የጎን ልባስ ሲያነሳልኝ ከኋላው ጎማ በላይ ያለው ላሜራ የለም። ቦታው ላይ አረፋ ተነፍቶ፣ በላዩ ጋዜጣ ተለጥፎ፣ ከስር በጥቁር ቅባት ተሸፍኗል። ልባሱን የሚይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው፤ በጊዜው ፈትቼ ባይ ኖሮ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። የተቀበልኩትን የግምት ክፍያ መለስኩለት፤ የሰውየው ፊት ግን እስካሁን ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ልባስ ሳላነሳ ግምት ሠርቼ አላውቅም። ሻጩ «ልባሱን ልይ» ስትይው እሺ ካለ ግማሹን ነግሮሻል። እምቢ ካለም ነግሮሻል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ። የኋላውን በር የታችኛውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል በጣትሽ ዳብሺ። የጎን መስታወቶቹ ጎማ ከስር ጥግ ላይ ተነፍቶ ካየሽ ውስጡ ውሃ ገብቷል። ስኮርቱ (ትርፍ ጎማው) በጭነቱ ክፍል ጎን ላይ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፤ አስወጪውና የቆመበትን ጉድጓድ በባትሪ ብርሃን እይው። ከበሮቹ ስር ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉ። የላስቲክ መክደኛቸውን አውጥተሽ ጣትሽን አስገቢ፤ ቅጠል ቅጠል የሚል ዝገት ይዞ ከወጣ ከመኪናው ወለል ጋር የተያያዘ ትልቅ ሥራ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ዝቅ ብሎ ወዳገኘሽው ኋላ እንምጣ። በደንብ አይተሻል፤ ብዙ ሰው አያየውም። የዚህ ስቴሽን የኋላ እግር ሞላ አለው፤ በሞላው ላይ ደግሞ ሞተሩ በሚያዞረው ፓምፕ ዘይት እየተገፋ ጭነት ሲበዛ ኋላውን ከፍ የሚያደርግ ሲስተም ተጨምሮበታል። ሁሉም የዚህ ሞዴል ስቴሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ አላቸው። ሞተሩ ሲነሳ ከፍ ማለቱ ፓምፑ በሕይወት እንዳለ ያሳያል፤ ይህ ደግ ዜና ነው። ባዶውን ቆሞ በአንድ ሌሊት መውረዱ ግን ወይ ግፊት የሚያመልጥበት ቦታ አለ፣ ወይ ሞላው ደክሟል ማለት ነው። ሌላም ሙከራ አለ። ሞተሩ እየሠራ ኋላውን በሁለት እጅሽ ተጭነሽ ልቀቂ። ለስለስ ብሎ ወርዶ ከተመለሰ መልካም። እንደ እንጨት ደርቆ እምቢ ካለሽ፣ ወይም ስትነጂው በየጉድጓዱ ላይ ጀርባሽን የሚመታሽ ከሆነ፣ የሲስተሙን ግፊት የሚያለሰልሱት፣ ጋዝ የተሞሉት ሁለቱ ኳሶች ጋዛቸው አልቋል። ኳሶቹ ይቀየራሉ፤ ፓምፑና መቆጣጠሪያው ከተበላሹ ግን ወጪው ከፍ ይላል። አንዳንዱ ባለቤት ተስፋ ቆርጦ ሲስተሙን አውልቆ ተራ ሾክ ያስገጥማል። እንዲህ ያለው መኪና ይሄዳል፤ በእኔ ግምት ግን የስቴሽኑ ጭማሪ ዋጋ አይገባውም።

ሞተሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም ከመኪናው ሁሉ የምተማመንበት እሱ ነው። ባለ አምስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ያንቺኛው ዘመን 88 የፈረስ ጉልበት አለው። ቸኩሎ አይሄድም፤ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። የምለምንሽ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እንድትደርሺ ነው። ኮፈኑን በእጅሽ ንኪ፤ ሞቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። ቫልቮቹ በየጊዜው ካልተስተካከሉ ክፍተታቸው ይጠብና ብርድ ላይ መነሳት ያስቸግራል፤ ይህ በሙቅ ሞተር አይታይም። ከተነሳ በኋላ የዘይት መክደኛውን ፈትተሽ ገልብጠሽ እዚያው አፉ ላይ አስቀምጪው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደለም። ከጭስ ጋር ገፍቶ ከጣለው ፋሻዎቹ (የፒስተኖቹ ቀለበቶች) አልቀዋል። በመጨረሻ ቁልፉን አጥፊ። ይህ ሞተር የሚጠፋው በቫኪዩም፣ በቀጭን ቱቦ በሚመጣ የአየር መምጠጥ ኃይል ነው። ቁልፉ ጠፍቶ እሱ መሥራቱን ከቀጠለ የሆነ ቦታ ቀጭን ቱቦ ተበስቷል። ጥገናው ርካሽ ነው፤ ባለቤቱ እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ችላ ብሎ ከነበረ ግን ትልቁንም ችላ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ስለ ኪሎሜትሩ፣ 214 ሺህ የሚለውን ቁጥር እርሺው። በዚህ ዕድሜ መኪና ቆጣሪ መቆሙ የተለመደ ነው፤ ሰውየው ራሱ መናገሩም ያስመሰግነዋል። ግን «ትንሽ ነው የሄደው» የሚል ተጨማሪ ዋጋ ከዚህ መኪና ላይ ሊጠየቅ አይችልም። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የነጂውን ወንበር የግራ ጠርዝ፣ የመሪውን ገጽ ተመልከቺ፤ እነሱ ቆመው አያውቁም። ማኅተም ያለበት የሰርቪስ ደብተር ካለ ከቆጣሪው በላይ እመኚው።

ወረቀቱንም እንዳትረሺ። ሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር በፊደልም በአኃዝም አንድ መሆን አለበት። በቁጥሩ ውስጥ 123190 የሚል ካየሽ ከፋብሪካ 300ቲዲ ስቴሽን ሆኖ የወጣ ነው፤ 123193 ከሆነ ቱርቦ ያለው ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ግን ከ1981 ወዲህ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ አላቸው።

አሁን ሂሳቡ። መነሻሽ ሻጩ የጠራው ዋጋ አይሁን። ሌሎች ሻጮች ማስታወቂያ ላይ የሚጽፉትም አይሁን፤ እሱ ምኞታቸው ነው። የሚያስፈልግሽ ተሸጦ ገንዘብ የተቆጠረበት ዋጋ ነው። ጨረታ ቤቶች የተሸጠበትን ያወጣሉ፤ የሞዴሉ ባለቤቶች ማኅበር አባላትም ስንት እንደገዙ ይነግሩሻል። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆን የተሸጠ ዋጋ ሰብስቢ፤ ስቴሽን ብቻ፣ ናፍጣ ብቻ። ከእነሱ ውስጥ ምንም ወጪ የማይጠይቀውን፣ ዛሬ ተገዝቶ ዛሬ ረጅም መንገድ የሚወጣውን ለዪና ዋጋውን 100 በዪው።

ከዚያ ያንቺኛውን እዚያ ደረጃ ለማድረስ የሚያስፈልገውን ቀንሺ። ለምሳሌ ያህል ብቻ ልሥራልሽ፤ ቁጥሮቹን አንቺ በባለሙያ ታስተካክያቸዋለሽ። የኋላ ቅስቶቹና ሁለት የክሪክ ቦታዎች ላሜራ ተቆርጦ ተበይዶ ቀለም እስኪቀባ 18 በይ። ለኋላው እግር ሲስተም 6፣ ለጭነቱ ክፍል ልባስና ለወንበሩ 4፣ ለመስታወቶቹ ጎማ 3፣ ለአራቱ ጎማዎች 3፣ ለቫኪዩሙ 1። ድምሩ 35 ነው። 65 ቀረ። ነገር ግን አሮጌ መኪና ሲፈታ ያልታየ ነገር ሁልጊዜ ይወጣል፤ እኔ የጥገናውን አንድ አምስተኛ ለዚያ እይዛለሁ። የ35 አንድ አምስተኛ 7 ነው። 58 ሆነ። ሻጩ የጠየቀሽ ዋጋ በዚህ መለኪያ 80 ቢሆን በመሃላችሁ ያለው ርቀት 22 ነው፤ ከየት እንደመጣም በወረቀት ላይ ልታሳዪው ትችያለሽ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ላሜራው ብቻውን ከግማሽ በላይ እንደሆነ ልብ በዪ። የሚከብደው ዕቃው ሳይሆን የሰው ሰዓቱ ነው። አንድ ቅስት በወጉ ለመሥራት ልባስ ማውረድ፣ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ መቁረጥ፣ ቅርጹን ቀጥቅጦ ማውጣት፣ እሳቱ ላሜራውን እንዳያጣምም እየዘለሉ ነጥብ በነጥብ መበየድ፣ ከውስጥ ማሸግ ያስፈልጋል። ስቱኮ ደፍኖ መቀባት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ይሄኛው የሳምንት ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመከራከርሽ በፊት ባትላሜራ (የላሜራ ቀጥቃጭና በያጅ) ወስደሽ አሳዪ፤ ግምቱን በጽሑፍ ተቀበይው።

ሻጩ «በየዓመቱ ይጨምራል» ማለቱ ለደህናው መኪና እውነት ሊሆን ይችላል። ዝገት የጀመረው ግን የጥገናው ወጪ ከዋጋው ቀድሞ ይሮጣል። ቢጨምርም የሚጨምረው አንቺ ዘይት እየቀየርሽ፣ ከዝናብ እየጠለልሽ ስላቆየሽው ነው፤ የነገውን ጭማሪ ለእሱ ዛሬ የምትከፍይበት ምክንያት አይታየኝም።

ስትከራከሪ መኪናውን አታጣጥዪበት። ሰውየውም ወዶት ይሆናል። «መኪናው ያምራል፤ እነዚህን ነገሮች ማሠራት ስላለብኝ ከዚህ በላይ አልችልም» ብለሽ ዝርዝሩን ስጪውና ዝም በዪ። ቀብድ የምትሰጪው ልባሱ ተነስቶ፣ ባትላሜራው አይቶ፣ ወረቀቱ ተመሳክሮ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አባትሽ። ለትዝታ ገንዘብ መክፈል ነውር የለውም። እኔም የአባቴን መዶሻ ብረቱ ከሚያወጣው አሥር እጥፍ ከፍዬ ከሰው እጅ መልሻለሁ፤ አንድም ቀን አልቆጨኝም። ግን ለትዝታው የምትከፍይውን መጠን መኪናውን ዳግም ከማየትሽ በፊት፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ፣ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፊው። 4 ይሁን እንበል። 58 እና 4፣ 62 ነው። 62 ያንቺ ጣሪያ ነው። እዚያ ቆመሽ የኋላው በር ተከፍቶ የድሮው ሽታ ሲመጣብሽ 62 ወደ 75 መውጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን አውጥተሽ እይው። ሻጩ ወደ 62 ካልወረደ ስልክ ቁጥርሽን ትተሽለት ሂጂ። ዝገት ያለበት ስቴሽን ቶሎ አይሸጥም፤ ከወር በኋላ ይደውልልሽ ይሆናል።

ገዝተሽው ከሆነ ጻፊልኝ። የጎን ልባሱን ስታነሺ ምን እንዳገኘሽም ንገሪኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ሻጭ ነኝ። እ.ኤ.አ. የ1985 ምርት ቮልቮ 240 ስቴሽን ዋገን አለኝ። ባለፉት አራት ዓመታት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አሳድሻለሁ፣ ራዲያተርና ማርሚታ ቀይሬያለሁ። ደረሰኞቹን ስደምራቸው ገዢዎች ከሚሰጡኝ ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ይህ ግፍ አይደለም?
ደረሰኝ የያዘ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሜትዎ ይገባኛል፤ ግፍ ግን አይመስለኝም። ገዢው ስቴሽን ሲገዛ ሞተሩ እንዲሠራ፣ ራዲያተሩ እንዳያፈስ አስቀድሞ ይጠብቃል። እርስዎ ያወጡት ወጪ መኪናውን ገዢው ወደሚጠብቀው ደረጃ አደረሰው፤ ከዚያ በላይ አላወጣውም። ከዚህ ሌላ 240 ከ1974 እስከ 1993 ድረስ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ የተመረተ፣ ሞተሩም በጥንካሬው ስም ያወጣ ነው። ገዢው ጤነኛ ሞተር ያለው ሌላ 240 ማግኘት ይችላል፤ ላሜራው ጤነኛ የሆነ ማግኘት ነው የሚቸግረው። እኔ ብገምትልዎ ሞተር ለታደሰበት ደረሰኝ ከሦስት አንዱን ያህል እቆጥርልዎታለሁ፤ ወለሉ በወጉ ለተሠራበት ደረሰኝ ግን አብዛኛውን።

አንድ የሚጠቅምዎ ነገር ልንገርዎ። ከ1980 እስከ 1987 በተሠሩት 240ዎች ላይ የሞተሩ ሽቦዎች ልባስ ከጊዜ ብዛት እየተፈረፈረ ይረግፋል። የሚያውቅ ገዢ መጥቶ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ሽቦውን በጣቱ ያጥፈውና ልባሱ ሲሰነጠቅ ካየ ዋጋ ይጥላል። ያ ሽቦ ተቀይሮ ከሆነ ደረሰኙን ከሞተሩ ደረሰኝ በላይ ያስቀምጡት። ካልተቀየረ ከመሸጥዎ በፊት ያስቀይሩት፤ ያወጡት ይመለስልዎታል። የኋላው በር ማጠፊያ ጋ የሚያልፉት ሽቦዎችም በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ይበጠሳሉ። የኋላው መጥረጊያ፣ የታርጋው መብራት፣ የመስታወቱ ማሞቂያ አንድ በአንድ የሚጠፉት በዚህ ነው። አንድ ኤሌክትሪሺያን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል፤ ገዢው ግን መጥረጊያው አለመሥራቱን ሲያይ መኪናው ሁሉ የኤሌክትሪክ ችግር ያለበት ይመስለዋል።

የታይሚንግ ቺንጋው የተቀየረበትን ቀንም ይጻፉለት። በዚህ ባለ ስምንት ቫልቭ ሞተር ላይ ቺንጋው ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር አይጋጩም። ይህን ለማያውቅ ገዢ ቢያስረዱት ፍርሃቱን ይቀንስለታል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥዎት ዋጋ አሁንም የደረሰኝዎ ግማሽ ከሆነ፣ አራቱን ዓመት ያለ ጭንቀት መንዳትዎንም ሂሳብ ውስጥ ያስገቡት። ያ ገንዘብ በከፊል ለእሱ ነው የወጣው።

ጥያቄ፦ ሁለት ተመሳሳይ መርሴዲስ ስቴሽኖች አይቻለሁ። አንደኛው የጭነቱ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ የሚያይ፣ የሚታጠፍ ሦስተኛ ወንበር አለው፤ ሻጩ ለዚያ ብሎ ጨምሮበታል። ይገባዋል?
የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ይገባዋል፤ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ከሆነና ከተሟላ። ያ ወንበር ለሁለት ልጆች የሚሆን፣ በትእዛዝ ብቻ የሚገባ ነበር፤ በኋላ ለብቻው ፈልጎ መግጠም አድካሚ ነው። ዘርጋው፣ እጠፈው፣ መቆለፊያው ሁለቱም ጎን ላይ ቀጭ ብሎ መያዙን ስማ። ከስሩ ያለውን የእግር ጉድጓድ ምንጣፍ አንሳ፤ የኋላው በር ጎማ ያስገባው ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ልጆችህን ልታስቀምጥበት ካሰብክ ደግሞ ቀበቶዎቹን ሙሉ በሙሉ ስበህ አውጣቸውና ክራቸውን ጫፍ እስከ ጫፍ እየው። ከተሸበለሉበት ጠርዝ ላይ ከላሉ ወይም አንዱ ከጎደለ ወንበሩን በባዶ ግምት አስገባው፤ ሁለቱን መኪናዎችም እኩል ዋጋ ስጣቸው።